እምቢ ብሎ መመረጥ

ባለቤቴ እዚህ ኦስሎ ባለው እድራችን ምርጫ ተሸንፎ አያውቅም። ምስጢሩ እምቢ ማለቱ ነው። በእኛ ዘንድ የተጠቆመ ሰው ወዲያው "እሺ" ካለ አለቀለት፤ ሥልጣን ጠምቶታል ይባላል። ስሙ ሲጠራ አንገቱን ደፍቶ መነሳት፣ "ኧረ እኔ ምን ችሎታ አለኝ፣ ከእኔ የተሻሉ አሉ" ማለት አለበት። ከዚያ አዳራሹ "አይሆንም! አይሆንም!" ብሎ ይጮኻል፤ አንድ ሽማግሌ ይነሱና "በእናትህ አታስቸግረን" ይሉታል፤ እሱም ከባድ ሸክም እንደተጫነበት ሰው ተንፍሶ ይቀበላል። በዚህ ሙያ ባለቤቴን የሚስተካከለው የለም። አውቶቡስ ከመንዳት ይልቅ እምቢ ማለት ይችልበታል። ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ሆልምሊያ ያሉ ወዳጆቻችን እሱ እምቢ ሲል ለማየት ብቻ ባቡር ተሳፍረው ይመጣሉ ብል ማጋነን ነው፤ ግን ትንሽ ነው።

ይህ ሰው ታዲያ ከልቡ የሚመኘው አንድ ነገር ነበረው፤ የቢደላችን ምክር ቤት አባል መሆን። ቢደል እዚህ ኦስሎ ክፍለ ከተማ እንደማለት ነው። እኛ የምንኖርበት ኮረብታ፣ ሮምሶስ፣ ድሮ ራሱን የቻለ ቢደል ነበር፤ በኋላ ከጎረቤቱ ቢደል ከግሮሩድ ጋር ተቀላቀለና ምክር ቤቱም ቀረ። ከእኛ በታች ያሉት ኖርዌያዊት ባልቴት በዚያ በቀረው ምክር ቤት አባል ነበሩ። ባለቤቴ ከሥራ ሲመለስ በራቸው ላይ ይቆምና የድሮውን ምርጫ ያስተርካቸዋል፤ ማን አሸነፈ፣ ማን ለጥቂት አመለጠው፣ የትኛው ፓርቲ ከየትኛው ጋር ተኳርፎ ታረቀ። የእኔን ልደት የሚረሳ ሰው የፈረሰ ምክር ቤት የምርጫ ታሪክ በቃሉ ያውቃል! የአሁኑም ስብሰባ አያመልጠውም። ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ሄዶ ከአድማጮች ወንበር ይቀመጣል፤ ብዙ ጊዜ አድማጩ እሱ ብቻ ነው። ሲመለስ "ከዚህ ከኮረብታው የሚናገር ሰው ያስፈልጋል" ይለኛል። ያ ሰው ማን እንደሆነ ግን አይናገርም።

ባልቴቷ ግን ገባቸው። ለፓርቲያቸው ሰዎች ስሙን ሰጡና ዕጩዎች ወደሚመረጡበት ስብሰባ ተጠራ። ያን ቀን ሸሚዙን ሁለት ጊዜ አስተኮሰኝ። እኔም አጅቤው ሄድኩ።

ስብሰባውን የምትመራው ሴት ስሙን አነበበችና አስተያየት እንዳለው ጠየቀችው። ባለቤቴ አንገቱን ደፍቶ ተነሳ። "ስላሰባችሁኝ አመሰግናለሁ" አለ በኖርዌይኛ፣ "ግን እኔ ምን ችሎታ አለኝ፤ ከእኔ የተሻሉ ወጣቶች አሉ።" እንደዚያ ቀን አምሮለት አያውቅም። እኔ ጩኸቱን እየጠበቅሁ ፈገግ አልኩ።

ሴትዮዋም ፈገግ አለች። "ቱሰን ታክ" አለችው፤ እጅግ እናመሰግናለን ማለቷ ነው። "በግልጽ ስለነገርከን ደስ ብሎናል። ውሳኔህን እናከብራለን።" ስሙን ሰረዘችና ወደሚቀጥለው አለፈች። ቀጥላ የተጠራችው ወጣት "ያ፣ በደስታ!" ብላ ብድግ አለች፤ "ያ" በእነሱ አዎ ነው፤ ተጨበጨበላት። ባለቤቴ ግን ገና እንደቆመ ነበር። እጁን ይዤ አስቀመጥኩት። ከዚያ ቫፈል የሚሉት ጣፋጭ ቂጣቸው ቀረበ።

እቤት ስንደርስ ሳቄ አመለጠኝ። ቀና ብዬ ሳየው ግን ዓይኑ እንባ አቅርሯል። አንጀቴን በላው። በማግስቱ ጎረቤታችን ሊፍት ውስጥ አገኙንና "የምትፈልገውን ነገር ለምን አልፈልግም አልክ?" አሉት።

"ጨዋነት ነው" አላቸው።

"ለእነሱ ማን ነገራቸው?" አሉና ወረዱ።

የሚቀጥለው ምርጫ ሲቃረብ እኔና ልጃችን ልምምድ አስጀመርነው። ልጄ ማዮርስቱን በሚባል ሰፈር ቢሮ ትሠራለች፤ ለሥራው ቃለ መጠይቅ ገብታ "ለዚህ ሥራ ከእኔ የተሻለ የለም" ብላ የተቀጠረች ናት፤ ይህን ስትነግረን እኔ በሐፍረት ፊቴን ሸፍኜ ነበር። "ፓፓ፣ 'እፈልጋለሁ' በል፤ ያ ብቻ ነው" ትለዋለች።

"እናንተ ካላችሁ እንግዲህ..."

"ኔይ ፓፓ! እኛ አይደለንም፣ አንተ ነህ! መሬት መሬት አትይ!"

ሳህን እያጠበ "እፈልጋለሁ" ይላል በሹክሹክታ፣ እንደ ስድብ። እኔ ደግሞ "ደፋርና ጭስ መውጫ አያጣም" እያልኩ አነሳሳዋለሁ፤ "ይኸው እየጨስኩ ነው" ይለኛል።

በሁለተኛው ስብሰባ ስሙ ሲጠራ ከግንባሩ ላብ ወረደ። ተነሳ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ "ያ፣ እፈልጋለሁ" አለ፤ ትንሽ ቆይቶም "በጣም" ብሎ ጨመረ። እኔ ባሌ ልብሱን በአደባባይ ያወለቀ መስሎኝ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ። ሰዎቹ ግን አጨበጨቡ፤ ከዝርዝሩ ወደ ታች ገደማ አስገቡት።

እዚህ መራጩ ከፓርቲው ዝርዝር ውስጥ የወደደው ሰው ስም አጠገብ ምልክት ማድረግ ይችላል፤ ያ ሰውየውን ከፍ ያደርገዋል። የእድራችን ሰዎች ይህን ሲሰሙ የለመዱትን የእምቢታ ሥርዓት ትተው ጉዳዩን እንደ ሠርግ ያዙት። ሆልምሊያዎቹ የሌላ ቢደል ነዋሪ ስለሆኑ ሊመርጡት እንደማይችሉ ሲነገራቸው ተቀየሙ። የምርጫው ዕለት ከመጋረጃው ጀርባ ሲወጣ "በራስህ ስም ላይ ምልክት አደረግህ?" አልኩት። "ድምፅ ምስጢር ነው" አለኝ፤ ጆሮው ግን ቀላ።

ወንበር አላገኘም። ቫራ ሆነ፤ አባል ሲታመም ወይም ሲቀር የሚተካ ተለዋጭ። "ለጥቂት" አለኝ፣ የድሮውን ምክር ቤት ሲተርክ በሚለው አነጋገር። ክረምቱ ገባ፣ ሁሉም አባላት እንደ አለት ጤነኛ ነበሩ። በዜና ጉንፋን ተስፋፋ ሲባል ጆሮውን ያቆም ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለው።

አንድ ቀን ከሥራ ገብቶ ጫማውን እያወለቀ ሳለ ስልኩ ጠራ። ከወዲያ የሴት ድምፅ ይሰማል፤ አንድ አባል ታሟል፣ ስብሰባው ዛሬ ነው፣ ምናልባት መምጣት...

"ያ!" አለ ባለቤቴ። ጥያቄው ገና አላለቀም። "ያ፣ ያ፣ እመጣለሁ!"

ስልኩን ዘግቶ አንድ እግሩ በካልሲ፣ አንድ እግሩ በጫማ እንደሆነ አየኝ። "ስለ ምን እንደሚወያዩ እንኳን አልጠየቅሁም" አለኝ። ኮቱን አንስቼ አለበስኩት፤ ደስታው ወደ እኔም ተጋብቶ ነበር።

"በል ሂድ" አልኩት፣ "ኮረብታው ሁሉ አንተን ነው የሚጠብቀው፤ ከአንተ የተሻለ የለም።"

"አውቃለሁ" ብሎኝ ወጣ።