ከሰዓት በኋላ የሚረሳ ማሽን

ኮምፒዩተሩ ናዝሬት የገባው በእርሻ መኪና ላይ ተጭኖ፣ በባዶ የጥጥ ጆንያ ተጠቅልሎ ነው። መሥሪያ ቤታችን በአዋሽ ሸለቆ ያሉ የመንግሥት እርሻዎችን ምርት የሚከታተል ነበር። እኔ በጸሐፊነት ተቀጥሬ ሳለሁ አዲስ አበባ ለአጭር ሥልጠና ተልኬ ስለነበር፣ ማሽኑ ሲመጣ የክፍሉ ቁልፍ ለእኔ ተሰጠኝ። ማንም ሰው ጫማውን ሳያወልቅ እዚያ ክፍል አይገባም። ሥራ አስኪያጁ እንኳን፣ በዕድሜ የገፉ ከባድ ሰው፣ በር ላይ ግድግዳ ተደግፈው በአንድ እግራቸው እየተንገዳገዱ ያወልቁ ነበር። ማሽኑ አቧራ ይፈራል ተብለናል። ሙቀት ይፈራል መባላችንን ግን አላስታውስም። ምናልባት ተብለን እኔ አልሰማሁ ይሆናል።

ሥራው ቀላል ነበር። እርሻዎቹ የለቀሙትን ጥጥ በሬዲዮ ይነግሩናል፣ እኔ አስገባለሁ፣ ማሽኑ ደምሮ ከዕቅዱ ጋር ያነጻጽራል። ችግሩ መንቀርፈፉ ነው። ጠዋት ያዘዝኩት ድምር ለምሳ ስንወጣ ገና እየተጎተተ ይሆናል።

ጄኔሬተሮቹንና የውሃ ፓምፖቹን የሚቆጣጠር አንድ መሐንዲስ ነበረን። የናዝሬት ልጅ ነው፤ ቤታቸው ኦሮምኛ እየተነገረ ያደገ፣ ከሶሻሊስት አገሮች በአንዱ ተምሮ የተመለሰ፣ ከእኔ ጥቂት ዓመት የሚበልጥ። አንድ ቀን ጫማውን በር ላይ ትቶ፣ "አካም ጅርታ?" ብሎኝ ገባና ከማሽኑ አጠገብ ወንበር ሳበ።

"ምን እየሠራ ነው?" አለኝ።

"እየደመረ ነው።"

"እስካሁን?"

"ገና ነው።"

ጆሮውን ወደ ሳጥኑ አስጠግቶ አዳመጠ። "ውስጡን አይተሽው ታውቂያለሽ?"

"ኧረ አልነካውም፤ ክልክል ነው።"

"ማነው የከለከለው?"

ሳስበው ማንም አልከለከለኝም። እሱ ሳቀና ያስረዳኝ ገባ። ውስጡ እንደ ከበሮ መቺ የሆነች አንዲት ትንሽ ነገር አለች፤ ክሪስታል ትባላለች። ማሽኑ የሚሠራው እሷ በመታችው ልክ ነው። ፋብሪካው ደግሞ ለጥንቃቄ ሲል ምቱን ዝግ አድርጎ ይሸጥልናል። ፈጠን ያለች ክሪስታል ብንተካ ያው ማሽን ይሮጣል።

"ቢበላሽስ?" አልኩት።

"የድሮዋን እንመልሳታለን።"

ሥራ አስኪያጁ ሲነገራቸው ጥቂት አሰቡና፣ "የሚፋጠን ከሆነ ደግ ነው። ብቻ እንዳታቃጥሉብኝ" አሉ። መሐንዲሱ አዲስ አበባ ሬዲዮ ከሚጠግን ወዳጁ ክሪስታል አስመጣ። በጋለ ብረት እርሳሱን አቅልጦ አሮጌዋን ነቀለ፣ አዲሷን ተከለ። በማግሥቱ ድምሩ የጠዋት ሻይ ሳይመጣ አለቀ! የመሥሪያ ቤቱ ካድሬም ሰዎች እየሰበሰበ፣ ጫማቸውን እያስወለቀ አስጎበኛቸው። "ምርታማነት ማለት ይህ ነው ጓዶች" ይላቸው ነበር። እኔም ራሴ የሮጥኩ ይመስል ደስ አለኝ።

ደስታው ብዙ አልቆየም። ማሽኑ በመሀል ቀጥ ማለት ጀመረ። ስክሪኑ ላይ የሜሞሪ ስህተት አለ የሚል አንድ መስመር ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ የፈለግሁትን ብነካ አይሰማኝም። አጥፍቼ አበራለሁ፣ እንደገና አስገባለሁ። ሜሞሪ ማለት ማሽኑ ቁጥሮቹን ለጊዜው የሚያስቀምጥበት እንደሆነ በሥልጠናው ተነግሮኛል። ከዚያ ያለፈ ግን አላውቅም። ለመሐንዲሱ ነገርኩት።

"እስቲ አየዋለሁ። አንቺ ምሳሽን ብይ" አለኝ።

ስመለስ ማሽኑ ሥራውን ይዟል። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አልቆመም። ምን እንዳደረገው አልጠየቅሁም፤ ተጠገነ፣ በቃ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ የአንድ እርሻ ድምር በወረቀት እንዳወጣላቸው አዘዙኝ። ሁለት ቅጂ ፈልገው ስለነበር ሁለት ጊዜ አስደምሬ አተምኩ። ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ዘርግተው መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ ሲያደርጉ ቆዩና፣ "የኔ ልጅ፣ የትኛውን ነው የምልከው?" አሉኝ። ድምሩ የተለያየ ነበር። ደንግጬ ሦስተኛ አወጣሁ። እሱ ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ሆነ።

በማግሥቱ ጠዋት ያንኑ ብደግመው፣ ብደግመው አንድ ዓይነት ቁጥር ሆነ። ከሰዓት በኋላ እንደገና ተዘበራረቀ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ራሴን ነው። ያስገባሁትን አንድ በአንድ አየሁ፤ ትክክል ነው። በእጄ ደመርኩት፤ የጠዋቱን ይሰጠኛል። ከሰዓት በኋላ የማየው ግን ሌላ ነው። እየቆየሁ በዓይኔም መተማመን አቃተኝ። ቤት ገብቼ ወጥ ስሠራ ጨው መጨመሬን እጠራጠራለሁ፣ እቀምሳለሁ፣ ቀምሼም አላምንም። እህቴ፣ "ምን ሆነሻል? ፍቅር ያዘሽ እንዴ?" አለችኝ። ምን ብዬ ልንገራት?

ወሬው ካድሬው ዘንድ ደረሰና አስጠራኝ። ሁለቱ ወረቀቶች ፊቱ ተቀምጠዋል።

"ጓዲት፣ ማሽን ይሳሳታል?" አለኝ።

"ይረሳል መሰለኝ ጓድ።"

"ይረሳል?"

"ከሰዓት በኋላ ይረሳል።"

"ጠዋትስ?"

"ጠዋት ያስታውሳል።"

እየቀለድኩበት እንደሆነ ለማወቅ ፊቴን ትክ ብሎ አየኝ። እኔም ስናገረው ለራሴ ቀልድ መስሎ ተሰማኝ። "እንደ ሰው ደክሞት ነው የምትዪኝ?" አለ።

"እንዴት እንደሆነ አላውቅም ጓድ።"

"ማሽን አይደክመውም። የሚደክመው ሰው ነው። ሰውም አልደከመኝም ካለ፣ የቀረው አሻጥር ነው።"

አሻጥር የምትለው ቃል በዚያ ዘመን ምን እንደምታመጣ የማያውቅ አልነበረም።  እሱ ግን ምንም እንዳላለ ሁሉ፣ "ነገ ስብሰባ አለ። መሐንዲሱም ይኖራል" ብሎ አሰናበተኝ።

በስብሰባው ላይ አራት ሰዎች ነበርን፤ ካድሬው፣ ሥራ አስኪያጁ፣ መሐንዲሱና እኔ። ካድሬው ወደ መሐንዲሱ ዞሮ፣ "አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ከፍጥነቱ ሥራ በኋላ ማሽኑን የነካ ሰው አለ?" ብሎ ጠየቀው።

"የለም" አለ መሐንዲሱ፣ ዓይኑን መስኮቱ ላይ ተክሎ።

ምሳ ወጥቼ ስመለስ ተጠግኖ ያገኘሁት ትዝ አለኝ። አፌን ስከፍት ሥራ አስኪያጁ ሳሉ። ዝም በይ ማለታቸው ይሁን አቧራው ይሁን ሊገባኝ አልቻለም፤ እስክለየው ድረስ ግን ተራዬ አለፈ። ሥራ አስኪያጁ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ጊዜ እንዲሰጠን ካድሬውን ለመኑልንና ተበተንን።

መሐንዲሱ ማሽኑ ክፍል ድረስ ተከትሎኝ መጣ። እስከዚያ ቀን አንቱ እለው ነበር።

"ለምን ዋሸህ?" አልኩት።

"ነክቼዋለሁ ብል ቀጥሎ የሚጠይቀው ቁልፉ በማን እጅ ነበር ብሎ ነው።"

"እኔን ለማዳን ነው እንግዲህ?"

"አንቺንም፣ ራሴንም" አለ። ከዚያ ከኪሱ፣ ከቁልፎቹ መሀል፣ የጣት ጥፍር የማታህል ጥቁር ፕላስቲክ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። "ማሽኑ ውስጥ ዘበኛ አለ። ሜሞሪው ቁጥር በመለሰ ጊዜ ሁሉ ትክክል መሆኑን ያያል፤ ስህተት ካገኘ ሁሉንም ነገር ያቆማል። ያን ጊዜ ያስቸገረሽ እሱ ነበር። ምሳ ስትወጪ ይህችን ነቅዬ ዘበኛውን አሰናበትኩት።"

"ስለዚህ ማሽኑ አልተጠገነም?"

"መቆሙን ተወ እንጂ መሳሳቱን አልተወም።"

ልጮህበት ፈለግሁ። በዚያው ቅጽበት ደግሞ አለማበዴን ሰምቼ እፎይ አልኩ። የቱን እንደማስቀድም ሳላውቅ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እሱም ምን እንደሚያደርግ ግራ ገብቶት መሐረብ ሲፈልግ ኪሶቹን ሁሉ ገለበጣቸው።

ሥራው ከዚያ ተጀመረ። ፕላስቲኳን ወደ ቦታዋ መለሳትና ዘበኛው ሥራውን ያዘ። መሐንዲሱ ሳጥኑን ከፍቶ ሜሞሪዎቹን አሳየኝ፤ እንደ ጢንዚዛ እግር ያላቸው ትንንሽ ጥቁር ነገሮች፣ በረድፍ በረድፍ የተተከሉ። ጀርባቸው ላይ ከተጻፈው ቁጥር የመጨረሻው ምን ያህል ቶሎ እንደሚመልሱ ይናገራል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ፈጣን ናቸው። የእኛዎቹ ፈጣኑም ዘገምተኛውም ተደባልቀዋል። "ይኸው ጠያቂው፣ የሚደምረው ክፍል ማለት ነው፣ መሮጥ ጀመረ፣ መላሾቹ ግማሾቹ አልደረሱበትም" አለኝ። በቢላዋ ጫፍ አንድ በአንድ ሲያነሳቸው ለራሱ "ሱታ፣ ሱታ" ይላል፤ ቀስ፣ ቀስ ማለቱ ነው። ዘገምተኞቹን አወጣቸው። እኔ ያንኑ ድምር አስደምራለሁ፣ ሲያልቅ "አለፈ"፣ ሲደርቅ "ቆመ" እላለሁ።

"ቆመ" አልኩ።

ቀጥሎ ቮልቱን ለካ። ሜሞሪዎቹ አምስት ቮልት ማግኘት ሲኖርባቸው፣ ጫፍ ላይ ላሉት የሚደርሳቸው ከዚያ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። የቆቃ ግድብ አፍንጫችን ሥር ሆኖ ሳለ የእኛ ሰፈር መብራት ከሰዓት በኋላ ወፍጮ ቤቶቹ ሲበረቱ ይፈዝ ነበር። ከኃይል ሳጥኑ ውስጥ አንዲት ትንሽ ብሎን አግኝቶ በጣም በጥቂቱ አዞራት። "ከአምስት ትንሽ ከፍ ትበል። ከበዛ ይጠበሳሉ" አለ። ማሽኑ ምሳ ሰዓትን አልፎ ሠራና ደስ ሊለን ሲል ደረቀ። በጣቴ ብነካው ሜሞሪው ያቃጥላል። የሥራ አስኪያጁን ማራገቢያ ተውሰን ክዳኑን ከፍተን ነፋንበት። ትንሽ ቆየ፣ እንደገና ቆመ።

አንድ ሌላ መላ ነበረው። ጠያቂው ሜሞሪውን ከጠየቀ በኋላ አንድ ምት ጨምሮ እንዲጠብቅ ማድረግ ይቻላል። ያን ሲያደርግ ቀኑን ሙሉ ሠራ። ግን ፍጥነቱ ከድሮው ብዙ የማይሻል ሆነ። ስለዚህ የትኛው እንደረዳ ለማወቅ የለወጥነውን አንድ በአንድ መመለስ ጀመርን። ነገሩ ሁሉ የተምታታብኝ ያኔ ነው። ዘገምተኞቹን መልሰን ብንተክላቸው ሠራ። ቮልቱን ዝቅ ብናደርገው፣ በጠዋቱ፣ ገና ሳይሞቅ ቆመ። በማግሥቱ ያንኑ ብንደግመው አልቆመም። ስንጀምር ያልገባኝ አንድ ነገር ነበር፤ አሁን የማይገባኝ ነገር በዛ። መሐንዲሱ መሬት ላይ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጦ፣ "ትናንት እኮ ይኸው ራሱ ሠርቷል" ይላል። ውጭ አገር ተምሮ የመጣ ሰው እንዲህ ሲል መስማት ያስፈራ ነበር። ብቻዬን አለመሆኔ ግን ትንሽ አጽናናኝ።

በመጨረሻ ያ የአዲስ አበባ ወዳጁ በአውቶቡስ ሾፌር እጅ ሌላ ክሪስታል ላከ፤ ከድሮዋ የፈጠነች፣ ከአዲሷ የዘገየች። እሷን ተከልን። ዘገምተኞቹን አውጥተን፣ ቮልቱን ከፍ አድርገን፣ አንዷን ምት ጨምረን፣ ማራገቢያውን ከፍተን ተውነው። በዚያ ቀን ውጭ ያለው ሙቀት አስፋልት የሚያቀልጥ ነበር። ደጋግሜ አስደመርኩት። በእጄ ከደመርኩት ጋር አንድ ነው። ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ "አለፈ"፣ "አለፈ" ስል ዋልኩ። ካደረግነው ሁሉ የትኛው እንዳስተካከለው ግን ሁለታችንም አላወቅንም።

እሱ ተነስቶ እጁን ታጠበና፣ "ልነግረው ነው" አለ።

"ለካድሬው? አሁን ተስተካክሎ እያለ?"

"በዚህ ሰሞን የተላኩት ቁጥሮች መታረም አለባቸው።"

ተከትዬው ገባሁ። ስለ ክሪስታሉ፣ ስለ ዘበኛው፣ በስብሰባው ላይ ስለ ዋሸው ሁሉንም ነገረው። ካድሬው ሳያቋርጥ ሰማ።  መሐንዲሱ ሲጨርስ ካድሬው ብዕሩን በጣቶቹ እያሽከረከረ፣ "አሁን ያለው ፍጥነት የመጨረሻው ነው?" አለ።

"ሳይሳሳት የሚሠራበት የመጨረሻው ነው።"

"ሌሎች ቅርንጫፎች ያሉት ከዚህ ይፈጥናሉ?"

"አይመስለኝም።"

"እንግዲያው ጥሩ ነው። ቁጥሮቹን አርማችሁ አምጡ።" ወደ ወረቀቱ ተመለሰ።

ኮሪደሩ ላይ ወጥተን ተያየን። "ምን ማለቱ ነው?" አልኩት።

"እኔንጃ" አለኝ።

ብዙም ሳይቆይ መሐንዲሱ አቦምሳ አካባቢ ላለ እርሻ የማሽነሪ ኃላፊ ሆኖ ተዛወረ ተባለ። ሥራ አስኪያጁ ዕድገት ነው አሉ። ሒሳብ ክፍሎች ቅጣት ነው አሉ። እሱን ስጠይቀው፣ "ደመወዙ ይጨምራል፣ መብራት ግን የለም ይላሉ" ብሎ ሳቀ።

ልሸኘው መናኸሪያ ሄድኩ። ሻንጣው አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ታስሯል። እንኳን ደስ አለህ ልበለው ወይስ አይዞህ፣ መንገዱን ሁሉ ሳስብበት መጥቼ አልቆረጥኩም። እሱም የሚጠብቀው የቱን እንደሆነ ከፊቱ ማንበብ አልቻልኩም። ረዳቱ ተሳፋሪዎቹን ማጣደፍ ጀመረ።

"በሰላም ግባ" አልኩት በመጨረሻ።

"አሜን" አለና አውቶቡሱ ላይ ወጣ። በመስኮቱ በኩል አንድ ነገር ሲለኝ አየሁ፤ ሞተሩ ተነስቶ ስለነበር አልሰማሁትም። እንደሰማ ሰው ራሴን ነቀነቅሁለት።