የዜልፋ ጋሪ

ኤስቲል ስታምፐር ክፉ ሰው አልነበረም። ይህ አስቀድሞ ይነገር፤ ከዚህ በኋላ የሚመጣው ዱላና ጡጫ፣ ከዚያም ደም ነውና ሰሚ ቸኩሎ እንዳይፈርድበት። ከኬንታኪ ተራሮች የወረደ የከሰል ቆፋሪ ልጅ ነው። የአባቱን ጡጫ ከበቆሎ ቂጣው እኩል እየቀመሰ አደገ። ከግራ እጁ ሁለት ጣቶቹን የእንጨት መሰንጠቂያ ወስዶበታል፤ በቀሩት ሦስቱ የሚሠራውን ግን ሙሉ እጅ ያለው አይሠራውም። ሰዓት ይፈታል፣ ጠመንጃ ይጠግናል፣ የወላለቀ ወንበር ያቆማል። ሰነፉ አንደበቱ ነው። ሰው ሲናገረው መልሱ ከአፉ በፊት ከእጁ ይወጣል።

የከሰሉ ጉድጓድ በተዘጋ ዓመት ሚስቱን ዜልፋንና ወንድሟን ሎንዞን ይዞ ወደ ኦሃዮ ረግረግ ወረደ። እዚያ ሚስተር ቮግት የሚባል ባለመሬት ውሃው በቦይ ተንጠፍጥፎ በወጣለት ጥቁር አፈር ላይ ዓይን እስከሚያይበት ድረስ ሽንኩርት ይዘራል። የሽንኩርት ቡቃያ እንደ ፀጉር ቀጭን ነው፤ አረሙ ይቀድመዋል። ስለዚህ ተራራ የወለደው ሁሉ፣ ወንድ ሴት ሳይባል፣ መስመሩን በሁለት ጉልበቱ መሃል አድርጎ ከንጋት እስከ ምሽት እየዳኸ ያርማል። ሰው በአርባ ዓመቱ እንደ ሕፃን ሲድህ ማየት ደስ የሚለው ሰው ቢኖር ቮግት ብቻ ነበር።

ዜልፋ ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው። በአራተኛው ዓመት ጉልበቶቿ አብጠው እንደ ዱባ አከሉ። ጠዋት ጠዋት ግድግዳ ካልያዘች አትቆምም። እርሻ ላይ ሕመሙ ሲብስባት ለአፍታ ወገቧን ቀና ታደርጋለች፤ ይህን ጊዜ ካቦው ይመጣል። ክሌም ይባላል። የመጥረቢያ እጀታ ከእጁ አይለይም።

«ቀና ያለ ሰው አረም አያይም!» ይላል ሁልጊዜ። ያችን አንድ ቃል ነበር የሚያውቀው።

በግንቦት አንድ ቀን ዜልፋ ቀና አለች። ክሌም ከኋላዋ መጥቶ በመጥረቢያ እጀታው ትከሻዋን አላት፤ በፊቷ ተደፋች። ሦስት መስመር ወዲያ የነበረው ኤስቲል ተነሣና ሄዶ ካቦውን አፍንጫው ላይ መታው። አፍንጫው ሲሰበር እስከ መንገዱ ተሰማ ይላሉ። ከዚያ የቮግት ሰዎች ሦስት ሆነው መጡ። ሁለቱ ያዙት፣ አንዱ መታው፤ እሱ ሲደክመው ተቀያየሩ። ሁለት ጥርስና ሦስት የጎን አጥንት ሰብረው ጎጆው ደጃፍ ጣሉት።

በአራተኛው ቀን ክሌም አፍንጫውን በጨርቅ አስሮ መጣ። በሩን በእርግጫ ከፍቶ ገባና፣ «አንተ የተራራ ፍየል! ነገ ካልወጣህ ጎጆውን ከነሚስትህ አፈርሰዋለሁ» አለው።

ኤስቲልን ከስድቡ ይልቅ አገባቡ ነው ያቃጠለው። በተራራው ሰው ደንብ ማንም ሰው ደጅ ሳይጣራ አይገባም። ከአጥር ውጭ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል፤ ከውስጥ «ግባ» እስኪባል አንድ እግሩን አያነሣም። ሳይጣራ የመጣ ጠላት ነው። ጥይት ቢያገኘው የገዛ ዘመዶቹ እንኳ ደሙን አይጠይቁም።

በማግስቱ ግን አረም በርትቶ ቮግት እጅ ስላጠረው ጎጆውን ሊያፈርስ የመጣ የለም። በዚያው ሰሞን ነው ነገሩ የታየው። ዜልፋ ወጥ ልታማስል ስትል ወንበር እየገፋች ትሄዳለች። የወንበሩን መደገፊያ ይዛ ስትገፋ ወገቧ ቀጥ ይላል፣ ጉልበቷም ይሸከማታል። ኤስቲል ጎኑን እንደታሰረ ተጋድሞ ይህን አየ። ደጋግሞ አየ።

«እስቲ እንደገና ግፊው» አላት።

«ምን ሆነሃል? ጭንቅላትህንም መቱህ እንዴ?»

«ግፊው ብዬሻለሁ!»

መነሣት የቻለ ዕለት ቆማ እየገፋች የምታርምበት ጋሪ ይሠራላት ጀመር። በመጀመሪያ የአሮጌ ብስክሌት ጎማ ነበር ያደረገው፤ የረግረጉ አፈር ዋጠው። ቀጭን ጎማ እዚያ አፈር ላይ ቢላዋ ነው። ኤስቲል ተናዶ ያንን ጎማ በመዶሻ ቀጥቅጦ ቦይ ውስጥ ወረወረው። በማግስቱ የበርሜል ክዳን ቆርጦ ሁለት ሰፋፊ ጎማ ሠራ፤ አንዱ ከመስመሩ በግራ፣ አንዱ በቀኝ እንዲሄድ፣ ቡቃያው ሳይነካ መሃል እንዲያልፍ። ሁለት እጀታ ሂኮሪ ከሚባለው ጠንካራ እንጨት ጠርቦ በዜልፋ ወገብ ልክ አቆማቸው። ከሥር አራት ማዕዘን የብረት ማቀፊያ አደረገ፤ የሚገባበትም ሥራ ያዘዘው ነው። ለአረም ከመጋዝ የተቀጠቀጠ ምላጭ፣ አፈሩን ለማላላት ጥርሳም ብረት፣ ለዘር መስመር ማውጫ፣ ሽንኩርቱ ሲነቀል ደግሞ ሳጥን መጫኛ ሰፊ ጣውላ። ሁሉም በአንዲት ሽብልቅ ይታሰራል። የዜልፋ ጣቶች በመፍቻ መታገል ስለማይችሉ ሽብልቋ ላይ የጠፍር ቀለበት አሰረላት፤ ስባ ታወጣታለች፣ በመዳፏ መታ ታስገባታለች።

እርሻ ላይ በወጣች ቀን ሎንዞ ከመስመሩ ሆኖ ሳቀባት። «እህት ዓለም! ልጅ የሌለበት የልጅ ጋሪ ማን ሰጠሽ?»

«ና ልጫንህ፣ እንቅልፍህ ከመጣ!» አለችው። ግማሽ መስመር ገፍታ ስትዞር እያለቀሰች ነበር። ከአራት ዓመት ወዲህ ቆማ ሠርታ አታውቅም።

እስከ እኩለ ቀን የዐሥር ሰው መስመር ጨረሰች። መዘዙም ይህ ሆነ።

ቮግት መንገዱ ላይ ከመኪናው ወርዶ መጣና ጋሪውን ዞሮ አየው። ሽብልቋን ሳባት፣ መልሶ ከተታት፤ ፈገግ አለ። «እስከ ሰኞ ሃያ ትሠራልኛለህ» አለው ኤስቲልን።

«ለሚስቴ ነው የሠራሁት ጌታው።»

«ጎጆው የኔ፣ ምስማሩ የኔ፣ የቆምክበት አፈር የኔ። ጋሪው የማን ሊሆን ነው? ባትሠራም አንጥረኛ ሞልቷል፤ ይችን አይቶ ይቀጥላል። ማክሰኞ ጠዋት ክሌም መጥቶ ይወስዳታል። ከመቶ ሃምሳው ሠላሳ ሰው ይበቃኛል፤ ሌላው ወደ ተራራው ይመለስ።»

ወሬው ቮግት ወደ መኪናው ሳይመለስ ጎጆዎቹ ጋ ደረሰ። መቶ ሃያ ሰው እንጀራው ተነጠቀ፤ የነጠቀውም የገዛ ወገኑ እጅ ነው።

እሑድ ከጸሎት በኋላ ሎንዞ ዐሥራ አምስት ሰው አስከትሎ መጣ። ከአጥሩ ውጭ ቆሞ እንደ ደንቡ ተጣራ።

«ቤቶች!»

«ግባ አማቼ» አለ ኤስቲል ከደጃፉ።

«ለመግባት አልመጣሁም። ያንን ጋሪ አውጣልን፣ እንሰብረዋለን።»

«የእህትህ ነው።»

«ለእህቴ ብለህ መቶ ሰው አረድክ! እኔን ጨምረህ! እሷ ትቁም ብለህ እኛ እንውደቅ?»

«እንደ ክሌም ልታወራ ነው እንዴ? ቀና አትበዪ ልትላት ነው?»

«በእማዬ አጥንት ይዣችኋለሁ፣ ተዉ!» ጮኸች ዜልፋ ከውስጥ። የሰማት የለም። ሎንዞ አጥሩን ገፍቶ ገባና ጋሪውን ከግድግዳው ሥር ጎተተው። የቀኙን እጀታ ነቅሎ በጉልበቱ ላይ ለሁለት ሰበረው።

ኤስቲል መታው። መጀመሪያ የመታው ለጋሪው ነው፤ ያ ይገባል። ሁለተኛው ጡጫ ላይ የሎንዞ መንጋጋ ከቦታው ሄደ። ኤስቲል አላቆመም። ወድቆ ሳለ መታው፣ እጁን ዘርግቶ ሳለ መታው፤ ክሌም ዜልፋን እንደመታት፣ የቮግት ሰዎች እሱን እንደመቱት፣ ከልጅነቱ ጀምሮ የተቀበለውን ሁሉ ያ ሰው ፊት ላይ መለሰው። አምስት ሰው ነው ያላቀቀው። ሎንዞን ደግፈው ሲወስዱት የተሰበረው እጀታ ከእጁ ውስጥ አልወጣም ነበር።

ዜልፋ በሩ ላይ ግድግዳ ይዛ ቆማለች።

«እኔን ለማንሣት ነው ወይስ ወንድሜን ለመጣል ነው የሠራኸው?» አለችው።

 ሰኞ ማታ አንዲት ጎረቤት ለዜልፋ ነገረቻት፤ ሐኪሙ የሎንዞን መንጋጋ በሽቦ አስሮታል፣ ሾርባ በሸምበቆ ነው የሚመጠው፣ ትንፍሽ አይልም፤ ቀኑን ሙሉ ደጃፍ ተቀምጦ እንጨት ይጠርባል። ኤስቲልም ጥግ ተቀምጦ ሰማ። ሰማ እንጂ ልብ አላለም። ልቡ የነበረው ማክሰኞ ጠዋት ክሌም ዘንድ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብሎ ባለሁለት አፈሙዝ ጠመንጃውን ወለወለ፣ አጎረሰም። የጠረጠረም እንደሚመነጠር የነገረው የለም።

ሲነጋ ረግረጉ ጭጋግ ለብሶ ነበር። ኤስቲል ደጃፉ ላይ ተቀምጧል፤ ባለአንድ እጀታው ጋሪ ከኋላው። ከአጥሩ በኩል ኮቴ ሰማ። ኮቴው ቆመ። «ቤቶች» የሚል ድምፅ ጠበቀ፤ አልመጣም። የአጥሩ ቋሚ ላይ ሁለት ጊዜ ቋ፣ ቋ አለ።

«ማነህ?»

ዝም።

«ስምህን ተናገር አንተ ሰው!»

ጉሮሮ የሚያፍን ማጉረምረም መጣ፤ ከብት ይሁን ሰው አይለይም። ከዚያ ጭጋጉ ውስጥ አንድ ሰው አጥሩን ገፍቶ ገባ። በእጁ ረጅም ነገር ይዟል። ያንን ረጅም ነገር ብድግ አድርጎ አነሣው። ኤስቲል ሁለቱንም አፈሙዝ ለቀቀበት።

ሰውየው ወደ ኋላ ተወርውሮ ወደቀ። ኤስቲል ሮጦ ሲደርስ መጀመሪያ ያየው ከአገጭ እስከ አናት የታሰረውን ነጭ ጨርቅ ነው። ሎንዞ ነበር። ደረቱ ተከፍቷል። ዓይኑ ግን ያያል፤ በሽቦ የተሰፋ አፉ ሊናገር ይታገላል፣ ደም በጥርሶቹ መሃል ይወጣል። አጠገቡ የወደቀው ጠመንጃ አልነበረም። አዲስ የሂኮሪ እጀታ ነው፤ በጠርሙስ ስባሪ ተፍቆ እንደ አጥንት የለሰለሰ፣ ጫፉ ለማቀፊያው አራት ማዕዘን የተጠረበ። የሰበረውን ለክቶ የሠራው ነው። ሊያሳየው ነበር ከፍ ያደረገው።

ጥፋቱ እንደ ጠራ ውሃ ወለል ብሎ ታየው። ተጣርቶ እንዳይገባ መንጋጋውን የሰበረው ራሱ ነው። ስሙን እንዲናገር የጠየቀው ራሱ የዘጋውን አፍ ነው።

ዜልፋ እየዳኸች መጣች። ጠዋት ስለሆነ ጉልበቶቿ አልያዙላትም። የወንድሟን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋ ፊቱን በቀሚሷ ጠረገች። «ወንድምዬ፣ እኔ ነኝ፤ አትናገር፣ አትናገር» እያለችው ሞተ። ከዚያ ጮኸች። ያንን ጩኸት የሰማ ሰው አሁንም ሽንኩርት ሲሸተው ያስታውሰዋል።

በኋላ ዳኛው፣ «ሟቹ ሳይጣራ ገባ ትላለህ?» ብሎ ሲጠይቀው ኤስቲል፣ «መጣራት እንዳይችል አድርጌው ነበር» ብሎ መለሰ።  ስምንት ዓመት ፈረዱበት፤ ጠበቃው ይግባኝ እንበል ቢለው ዞር በልልኝ አለው።

ያን ጠዋት ግን ሬሳው መሬት ላይ ነው። መንገዱ ሩቅ ነው፣ መኪና ረግረጉ ውስጥ አይገባም። ዜልፋ እንባዋን ሳትጠርግ፣ «እጀታውን ግጠመው» አለችው።

ኤስቲል ከደሙ ላይ አነሣው። ማቀፊያው ውስጥ ከተተው። ገባ። የሚላግ ነገር አልነበረውም፤ በልኩ ገባ።

«ምላጩን አውጣ። ጣውላውን አድርግ።»

ሽብልቋን ሳበ፣ ምላጩን አወጣ፣ የሳጥን መጫኛውን አስገብቶ በመዳፉ መታ። ሎንዞን ብቻውን ተሸክሞ ጫነው። እጀታዎቹን ሊይዝ ሲል፣

«እጅህን አንሣ!» አለችው። «እንዳትነካው። ቆሻሻ እጅህን አንሣ!»

አነሣ። ዜልፋ ጎማውን ይዛ፣ ከዚያም አሮጌውን እጀታ፣ ከዚያም አዲሱን ይዛ ተነሣች። ጥርሷን ነክሳ ገፋችው። ሰፋፊዎቹ ጎማዎች አልሰመጡም።

በመስመሮቹ መሃል እየዳኹ ያርሙ የነበሩት አዩአት። አንዱ ከጉልበቱ ተነሥቶ ኮፍያውን አወለቀ፤ ቀጥሎ ያለው ተነሣ፣ ሌሎቹም ተነሡ። ክሌም ጋሪውን ሊወስድ ሁለት ሰው ይዞ እየመጣ ነበር። ከመንገዱ ወረደላት። ለቆሙት ሁሉ ምንም አላላቸውም።

ኤስቲል ዐሥር እርምጃ ከኋላ ይከተላት ነበር። ጀርባዋን አየው። ቀጥ ብሎ ነበር። እንዲህ ስትሄድ ሊያያት ነበር ያን ሁሉ የለፋው።