ስቱኮ ያለበስኩት ሸክላ

የልጅ ልጄ ቤዛ ስድስተኛ ክፍል ናት። ባለፈው ግንቦት፣ ዝናቡ ሶዶን ባጨቀየበት ሰሞን፣ ከትምህርት ቤት አንድ ሥራ ይዛ መጣች። የወላይታን ኬታ፣ ያንን እንደ ተደፋ ቅርጫት ቀጥ ብሎ የሚቆመውን የሳር ቤታችንን፣ አሳንሶ መሥራት ነው የታዘዘችው። ሁለታችን ሠራነው። እኔ እንዲህ ያለ ሥራ ከነካሁ ሠላሳ ዓመት አልፎኛል። ግድግዳውን ከሸክላ አበጅቼ የቀርከሃ ጥልፉን በእሾህ ጫርኩበት፤ ገበያ ያለች አንዲት ሸክላ ሠሪ ከድስቶቿ ጋር ተኮሰችልን።

ከዚያ ቀለም መጣ። እናቷ ከሐዋሳ አክሪሊክ የሚባል አምጥታላት ኖሮ፣ እንደ ጥርስ ሳሙና ያሉትን ትንንሽ ቱቦዎች ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። ደግ ቀለም ነው። ጭንቅላት የሚያዞር ሽታ የለውም፣ ብሩሹ በውሃ ይታጠባል፣ አንድ ጉዳይ አውርተሽ ሳትጨርሺ ይደርቃል። ሲደርቅ ግን ትንሽ ይጠቁራል፤ እርጥቡን አይቶ ማመን አይቻልም። ስለዚህ በተሰበረ ገል ላይ ሞከርነው፤ ቢጫውን፣ ቡናማውን፣ ቀዩን፣ አንዱን ካንዱ እያስተያየን።

"እማማ፣ ግድግዳውን በዚህ እንቀባው" አለችና አረንጓዴውን አነሳች።

እጇን ያዝኩት። አያያዜ ጠንከር ሳይል አልቀረም፤ ልጅቱ ደነገጠች። "ምነው እማማ?" አለችኝ።

ነገሩ የሆነው ደርግ ከወደቀ ብዙም ሳይቆይ ነው። እኔ ያኔ ሶዶ፣ አናጢው አጎቴ ቤት ነበር የምኖረው። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ፊደል የለየሁት ኋላ፣ ልጆች ወልጄ፣ በቤተ ክርስቲያን ነው። ልኬት ግን ከአጎቴ ሱቅ ተማርኩ። ከሚወድቀው ቁርጥራጭ እንጨት ትንንሽ ቤት እሠራለሁ፤ የትልቁ ቤት አንድ ክንድ፣ በእኔ ቤት አንድ ጣት ነው። አጎቴ ሥራው ሲቀዘቅዝ አንድ ክብሪት እንጨት ያነሳና በትንሹ ቤቴ በር ላይ ያቆመዋል። "ሰውዬው ጎንበስ ሳይል ይገባል?" ይለኛል። ካልገባ፣ "በይ እንግዲህ፣ ጎረቤትሽን ከደጅ አስቀረሽው" ብሎ ይስቃል። ብርጭቆ ወረቀት ይሰጠኝና እስኪገባ ድረስ እፍቃለሁ።

ታደለች ቅዳሜ ቅዳሜ ከዱቦ በኩል ገንቦና ድስት በጀርባዋ ተሸክማ ለገበያ የምትመጣ እኩያዬ ነበረች። ወገኖቿን ጭናሻ ይሏቸው ነበር። ሸክላ ሠሪ ለማለት ነው፤ ግን ስድብም ነበር። አገሩ ሁሉ በእነሱ ድስት እየቀቀለ ከእነሱ ጋር አይበላም፣ አይጋባም፣ ቤቱ አያስገባቸውም። አክስቴ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ታደለች ስትመጣ የተቀቀለ ጎደሬ በቃሪያ ዳጣ ሳትሰጣት አትሰድም። የምትሰጣት ግን ከደጃፉ ውጭ፣ በእንሰት ቅጠል ላይ ነው። ሳህን ታጥቦ ይመለሳል፣ ቅጠል ይጣላል፤ ነገሩ ይኸው ነው። ያንን ቅጠል ይዤ የምወጣው ደግሞ እኔ ነበርኩ።

እሷ ከደጃፉ ወዲያ፣ እኔ ወዲህ ሆነን ጓደኛ ሆንን። አንድ ቀን የእንጨት ኬታዬን አሳየኋት። አገላብጣ አየችና ሳቀች።

"ይሄ ቤት ነው ሳጥን? ማዕዘን ያለው ኬታ የት አየሽ?"

"እንጨቱ አልጎብጥ ብሎኝ ነዋ!"

"እንጨትሽ እንደ አክስትሽ ነው። ቆይ፣ ጭቃ ይጎብጥልሻል።"

በሁለተኛው ቅዳሜ ከድስቶቿ መካከል በጭድ ጠቅልላ አመጣችልኝ። እንዲያ ያለ ነገር ከዚያ በኋላም አላየሁም። ግድግዳው እንደ ቅል ስስ ነው። የቀርከሃውን ጥልፍ በእሾህ ጭራ ጭራ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ሲያልፍ ሳይቀር አሳይታዋለች። በጥፍሯ መታ አደረገችው፤ እንደ ደወል ጮኸ። "ሰማሽ? በደንብ የበሰለ ሸክላ ይናገራል" አለችኝ። ክብሪቱን ሰውዬ በሩ ላይ አቆምነው፤ ቀጥ ብሎ ገባ።

በጊፋታ፣ በወላይታ ዘመን መለወጫ ሰሞን፣ በቀበሌው አዳራሽ የእጅ ሥራ ሊታይ ነው ተባለ። ያኔ ሁሉም ባህልህን አሳይ ይባል ነበር። ሳር ክዳኑን እኔ ልሠራ፣ ልናቀርበው ተስማማን። ታደለች የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር።

"ማን ሠራው ሲሉሽ የእናቴን ስም ጥሪልኝ። የእኔ ቢቀርም ይቅር። 'የአማረች ልጅ ናት የሠራችው' በይ። እናቴ አዳራሽ ውስጥ ስሟ ተጠርቶ አያውቅም።"

"እጠራለሁ" አልኳት። እውነቴን ነበር።

አክስቴ ግን ሸክላውን አየች። "ጭቃ ታቅፈሽ አዳራሽ ልትገቢ? ከቦዲቲ ሽማግሌ ሊላክብሽ ነው፣ አልሰማሽም? ከጭናሻ ጋር ትውላለች ከተባለ ማን ደጃችንን ይረግጣል?"

ሽማግሌ የሚልክብኝን ልጅ ገበያ ላይ ሁለት ጊዜ አይቼው ነበር። ወድጄውም ነበር፤ ምን እደብቃለሁ።

አጎቴ ሱቅ መደርደሪያው ላይ ሦስት ቆርቆሮ ነበር፤ ቫርኒሽ፣ ቀዳዳ መድፈኛ ስቱኮ፣ ከአንድ ቢሮ በር የተረፈ አረንጓዴ የዘይት ቀለም። ቫርኒሹ ምንም አይደብቅም። እጄ ግን ወደ ስቱኮው ሄደ። በጣቴ እየጠፈጠፍኩ ለቀለቅኩት፤ ታደለች በእሾህ የጫረችው ጥልፍ መስመር በመስመር ሲደፈን አየሁ። ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት፣ ከዚያ አረንጓዴውን አለበስኩት። የቢሮ በር መሰለ። አክስቴ "አሁን ሰው ፊት ይቀርባል" አለች።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ከወረዳ የመጣ ሰውዬ የእኔ ጋ ሲደርስ ጎንበስ አለና "ግድግዳው ምንድን ነው?" አለኝ። ቀና ስል ታደለች በበሩ በኩል ቆማለች። ነጠላዋን አጥባለች። ጠጋ ያለ የለም፤ ሰው ሁሉ ከእሷ ትንሽ ሸሸት ብሏል።

"እንጨት ነው" አልኩ።

"ማን ሠራው?"

"እኔና አጎቴ።"

ሰውዬው በእስክሪብቶው መታ አደረገው። ጮኸ። ያን ሁሉ ስቱኮ ለብሶ እንኳ ጮኸ። "ይሄ እንጨት ነው?" አለ ፈገግ ብሎ።

"ደረቅ እንጨት ነው።"

ቀና ስል ታደለች የለችም። ተሸለምኩ፤ ቀይ አበባ ያለበት ፔርሙዝ ሰጡኝ፣ ተጨበጨበልኝ፣ እኔም ተቀበልኩ።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ቅዳሜዎች አልመጣችም። በአራተኛው ፔርሙዙን ይዤ በዱቦ መንገድ ወረድኩ። ዝናቡ አባርቶ ስለነበር መንገዱ ይሸታል፤ የእንሰቱ ቅጠል ውሃ ያንጠባጥባል። እናቷ ወይዘሮ አማረች ደጃፍ ላይ ጭቃ እያቦኩ ነበር። "ሳሮ፣ ልጄ፣ ግቢ" አሉኝ። ምንም አልተነገራቸውም ማለት ነው። የሸክላ ሳህን ሲያነሱ ታደለች ከእጃቸው ወሰደች። ወጣችና የእንሰት ቅጠል ቆርጣ ተመለሰች፤ ጎደሬውን እሱ ላይ አድርጋ ፊቴ አስቀመጠችው።

"ምነው ሳህኑ እያለ?" አሏት እናቷ።

"ሳህናችን ጭቃ ነው፣ አዮ። እሷ ጭቃ አትነካም።"

በላሁ። ይቅርታ ልጠይቅ ነበር የሄድኩት፤ ሳልጠይቅ ቅጠሉን አጥፌ ተነሳሁ። ፔርሙዙን ደጃፉ ላይ ትቼ ሄድኩ። በሚቀጥለው ገበያ አጎቴ ሱቅ በር ላይ፣ በጭድ ተጠቅልሎ፣ ሳይነካ ተቀምጦ አገኘሁት።

በዓመቱ ወደ ቤሌ በኩል ሄዱ ሲባል ሰማሁ። እኔ የወደድኩትን አገባሁ። ደግ ሰው ነበር፤ እስኪሞት ድረስ ይህን አልነገርኩትም። እውነቱን ለመናገር፣ ብነግረው ኖሮ ያኔም የሚተወኝ አይመስለኝም። ይህን ማሰብ ይብስብኛል። ትንሽ ቤት መሥራትም ያን ጊዜ ተውኩ። በሩ ላይ የማቆመው ክብሪት ሁሉ እሷን ይመስለኝ ነበር።

"እማማ?" አለችኝ ቤዛ፤ አረንጓዴው አሁንም እጇ ላይ ነው።

ነገርኳት። ሁሉንም። ጭናሻ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችኝና ያንንም ማስረዳት ነበረብኝ፤ ከሁሉ የከበደኝ እሱ ነው። ልጅቱ ቱቦዎቹን ስታገላብጥ ቆየችና አንዱን አነሳች። ላዩ ላይ የተጻፈውን አነበበችልኝ። ቀለም የሌለው ቀለም ነው፤ ከውሃ ይጠብቃል እንጂ አይሸፍንም። እሱን ቀባነው። ሸክላው ትንሽ ጠቆረ፣ በእሾህ የጫርኩት ጥልፍ አንድ በአንድ ወጣ። የታደለችን እጅ ያህል አይሆንም።

ሥራውን ስታስረክብ አብራ የምትሰጠው ካርድ አለ። "የሠራው ሰው ስም ይላል። አንቺንና እኔን ልጻፍ?" አለችኝ።

"የአማረች ልጅ በይ። ታደለች፣ የአማረች ልጅ፣ ያስተማረችን ብለሽ ጻፊ።"

ጻፈች። እኔ ግድግዳውን በጥፍሬ መታ አደረግሁት።