የወርቅነሽ እጅ

ይህን ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም። ለማላውቅህ ለአንተ የምነግርህ እንድታዝንልኝ አይደለም።

በጃንሆይ ዘመን፣ ጎባ፣ ዘግይቼ ፊደል የቆጠርኩ፣ ገና ትምህርት ቤት የምመላለስ ሴት ነበርኩ፤ የምኖረውም ከወንድሜ ከተሰማ ቤት ነበር። ሚስቱ ወርቅነሽ ከገበያ ስትመለስ ከፈረስ ወድቃ የእጇ አንጓ ተሰበረ። ወጌሻው በቀርቀሃ አስሮ ጠገነላት፤ ሲፈታው አጥንቱ ገጥሞ ነበር። እጇ ግን አልዳነም። ጠዋት ቀልቶ ያብጣል፤ ማታ ጠቁሮ ይቀዘቅዛል፤ ሌላው ገላዋ ደርቆ እሱ ብቻ ያልበዋል። የቀሚሷ እጅጌ ሲነካው እንኳ ትጮሃለች።

«እሳት ነው፣ እትዬ፤ ውስጡ እሳት ነው» ትለኝ ነበር።

ተሰማ ይስቃል። «የእሷ እጅ ባላባት ሆኗል፤ ሥራ አይነካም!»

እኔም ሳቅሁ። ለምን ሳቅሁ? እሷ ከታመመች ገብሱን የምወቅጠው፣ ላሞቹን የማልበው እኔ ነኝ፤ ትምህርቴ ቀረ ማለት ነው። ሰነፍ ከተባለች ግን ትፈታለች፤ ሌላ ሚስት ትመጣለች፤ ሥራውንም ያቺ ትይዘዋለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ተኝታ ሳለች ፈተንኳት። የነጠላዬን ጫፍ፣ ጫፉን ብቻ፣ እጇ ላይ ጣል አደረግሁት። ጮሃ ተነሣች። እንቅልፍ የወሰደው ሰው ያስመስላል? ያን ጊዜ አወቅሁ።

በሳምንቱ ተሰማ «ልፍታት» ብሎ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ትልቁ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ልጄ፤ እስቲ እውነቱን ንገሪን።»

«አጥንቱ ገጥሟል፣ አባቴ። የቀረው ስንፍና ነው» አልኩ።

እኔ አልኩ። እያወቅሁ አልኩ። ወርቅነሽ እጇን ከደረቷ ሳታርቅ አየችኝ፣ በቃ። ተፈታች። ነፋስ እንዳይነካው ያንን እጅ በሌላው ከልላ ወደ ዲንሾ፣ ወደ እናቷ ቤት ሄደች። እኔ በማግሥቱ ትምህርት ቤት ሄድኩ።

ከብዙ ዓመት በኋላ በአንድ የሕክምና መጽሐፍ አገኘሁት። ስብራቱ ከዳነ በኋላ ነርቩ ሕመሙን መጮህ የማይተውበት በሽታ አለ። እብጠቱ፣ ላቡ፣ የቀለሙ መለዋወጥ፣ ጨርቅ አለመቻሉ፣ ሁሉም ተጽፏል።

«በዚያ ዘመን ማን ያውቅ ነበር?» ልትለኝ ነው። ተው! ወጌሻው አላወቀም፤ ሽማግሌዎቹ አላወቁም። እኔ ግን የበሽታውን ስም አላወቅሁም እንጂ ሕመሙን አውቄዋለሁ።

ያንን መጽሐፍ ያነበብኩት በወርቅነሽ እጅ በገዛሁት ትምህርት ነው። መማሬን አልጠላውም፤ አልዋሽህም። ይቅር ልትለኝ የምትችለው እሷ ነበረች፤ ሳልጠይቃት ሞተች። አንተንማ ይቅርታ አልለምንህም፤ የበደልኩት አንተን አይደለም።