የመምህርት ዘርፈሽዋል ቅናትና የፕሮቶኖቹ ጥያቄ

ዘርፈሽዋል እነዋሪ ከተማ ኬሚስትሪ ስታስተምር ነው ፀጉሯ የሸበተው። ገበያ ስትወጣ ከየሱቁ «ቲቸር!» የሚላት ብዙ ነው። አምና ግን ፍቃዱ የሚባል ወጣት የፊዚክስ መምህር ከደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ መጣና ሰላም አጣች።

በእሷ ክፍለ ጊዜ የሚያዛጉት ልጆች ከእሱ ክፍል እየሳቁ ይወጣሉ። በእረፍት ሰዓት ከበውት ይቆማሉ። ዘርፈሽዋል መምህራን ክፍል ገብታ ሻይ መጠጣት ተወች። አረማመዱን ሳይቀር ጠላችው።

«አንቺ ሴትዮ፣» አላት ባሏ አቶ ባየው እራት ላይ፣ «ከእኔ ስም ይልቅ የዚህን ልጅ ስም ነው የምትጠሪው።»

«ብርድ ልብስ ተሸክሞ ክፍል የሚገባ መምህር አይተህ ታውቃለህ?»

እውነትም ፍቃዱ የሱፍ ብርድ ልብስ ይዞ ገብቶ፣ ሁለት ፊኛዎች በሱፉ አሽቶ ጎን ለጎን በክር አንጠልጥሎ ነበር። ፊኛዎቹ ተገፋፍተው ተራራቁ። «አንድ ዓይነት ቻርጅ ይገፋፋል» ሲል ልጆቹ ጮኹ። እሷ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ስንት ዘመን ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ የጮኸላት አልነበረም።

በማግስቱ ስህተት ልትፈልግበት እሱ ክፍል ገብታ ከኋላ ወንበር ተቀመጠች። ፍቃዱ ሲያያት ፊቱ በደስታ በራ፤ ይሄ ደግሞ የባሰ አናደዳት።

ማኅደረማርያም የምትባል ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ፕሮቶኖች ሁሉም ፖዘቲቭ ከሆኑ፣ ኒውክለስ ውስጥ ተጣብበው ለምን አይበታተኑም?»

«ኒውትሮኖች መሃል ገብተው መገፋፋቱን ያጠፉታል» አለ ፍቃዱ።

የዘርፈሽዋል ልብ በደስታ መታ። ብድግ አለች። «ኒውትሮን ቻርጅ የለውም! መገፋፋቱን በምኑ ያጠፋዋል?»

ልጆቹ ሁሉ ወደ ኋላ ዞሩ። ፍቃዱ ትንሽ አሰበና «ልክ ነዎት፤ ተሳስቻለሁ። እባክዎ እርስዎ ያስረዱን» አለ።

ልጆቹ አጨበጨቡ። ያጨበጨቡት ግን ለእሱ ነበር፤ መምህር ስህተቱን ሲያምን አይተው አያውቁም።

ፊቷ እየነደደ ወደ ሰሌዳው ሄደች። «መገፋፋቱ አይጠፋም» አለች። «ግን ፕሮቶኖችና ኒውትሮኖች እርስ በርስ በጣም ሲጠጋጉ ብቻ የሚሠራ፣ መገፋፋቱን የሚያሸንፍ ሌላ ኃይል አለ። ኒውትሮን የሚረዳው ራሱ ሳይገፋ ማሰሪያውን በመጨመር ነው። ትንሽ ከተራራቁ ኃይሉ ይለቃቸዋል፤ መገፋፋቱ ግን ከሩቅም ይሠራል፤ ስለዚህ ብዙ ፕሮቶን የታጨቀበት ኒውክለስ ጸንቶ መቆየት ይቸግረዋል።»

ደወል ሲደወል የተነሳ ልጅ አልነበረም። ዘርፈሽዋል ደስ ሊላት ሲል፣ ልጆቹ በኋላ ሲወጡ ከበሩ ላይ ማኅደረማርያም ለጓደኛዋ ስትናገር ሰማች፦ «ቲቸር ፍቃዱ እኮ ጎበዝ ሰው ጋበዘልን!»

የዚህችን ልጅ እናት ያስተማረችው ዘርፈሽዋል በገዛ ትምህርት ቤቷ የእሱ እንግዳ ሆና ተቆጠረች። ቤቷ ገብታ እራት አልበላም አለች።

ዘንድሮ የአቶምን ትምህርት ሁለቱ አብረው ያስተምራሉ፤ ፍቃዱ ነው ርዕሰ መምህሩን ለምኖ ያስፈቀደው። እሱ ሲናገር እሷ የልጆቹን ዓይን ትከታተላለች፤ ወደ እሱ ሲያፈጡ ዛሬም ደረቷን ያቃጥላታል።

«ነገም ይመጣሉ አይደል?» አላት ባለፈው ሳምንት።

«ካልመጣሁ ስትሳሳት ማን ያርምሃል?»

ፍቃዱ ቀልድ መስሎት ከልቡ ሳቀ።