ከአባይ ማዶ የመጣው ጠያቂ

እኛ አባይን የምናውቀው ከላይ ሆነን ነው። ከቡሬ ወጣ ብላ ካለችው መንደራችን ጫፍ ሲቆሙ መሬቱ ወደ ታች ይሰበርና በረሃው በጉም ተሸፍኖ ይታያል፤ ውሃው ግን አይታይም። ቡሬ የደጋው መጨረሻ ናት። ከዚያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ይወርድና ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ነቀምት ይሄዳል።

አባቴ አባይን አያምነውም ነበር። በየክረምቱ አፈራችንን ጠርጎ ይወስዳል፣ የሚሰጠን ወባ ብቻ ነው ይላል። «አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ሲልም ስለ ውሃው ብቻ አልነበረም፤ ከማዶ የሚመጣውን ሰው ሁሉ ማለቱ ነው። ደግነቱ የቅርቡንም ሰው አያምንም።

ታላቅ እህቴ በርበሬ ልትሸጥ ቡሬ ስትመላለስ፣ ከማዶ ሰሊጥ ይዞ የሚመጣ ጎረምሳ አያት። እሷም አየችው፤ ይህን የነገረችው ለእኔ ብቻ ነው። የልጁ ቤተሰቦች ሽማግሌ ለመላክ በነፍስ አባታችን በኩል ፈቃድ ጠየቁ። አባቴ «ከወንዝ ማዶ ያለን ዘር ማን ይቆጥርልኛል?» ብሎ እምቢ አለ። እናቴ ስትነዘንዘው፣ እንደ አገሩ ደንብ ቤታቸውን በዘዴ እንዲያስጠይቅ አጎቴን ድልድዩን አሻግሮ ላከው። አጎቴ ደግ ወሬ ይዞ ተመለሰ፤ ጨዋ ቤት ናቸው አለ። አባቴ ሌላ ሰው ላከ። እሱም ያንኑ ተናገረ። «ተመካክረው ይሆናል» አለ አባቴ፤ ሆኖም ከአጨዳ በኋላ ሽማግሌ ይምጣ ብሎ ፈቀደ። እህቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ እየሠራች ማንጎራጎር አመጣች።

ያን ሰሞን መሬት እንደገና ሊደለደል ነው የሚል ወሬ አገሩን ያምሰው ነበር። አያቴ በንጉሡ ጊዜ ጭቃ ሹም ስለነበሩ፣ የሹም ልጅ ተብሎ ማሳው እንዳይቆረስበት አባቴ እንቅልፍ አጥቷል። እኔ ቡሬ ቤት ተከራይቼ እማር ነበር። አንድ የገበያ ቀን አባቴ ለሽያጭ ካመጣው ጤፍ ጋር ስንቅ ይዞልኝ መጥቶ፣ እህል ተራ ጤፉ አጠገብ አብሬው ተቀምጫለሁ።

ፊቱን የቆላ ፀሐይ ያጠቆረው፣ ንጹሕ ጋቢ የለበሰ ሰውዬ መጣ። ጤፉን ዘገን አድርጎ አየና ከወዴት እንደመጣን ጠየቀ። አባቴ የመንደራችንን ስም ነገረው። ሰውየው አጠገባችን ቁጢጥ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የአባቴን ስም ጠራ።

«ይህን ሰው ያውቁታል?»

«አሳምሬ» አለ አባቴ።

«ምን ያህል መሬት አለው? በሬስ?»

እኔም ካድሬ የላከው ጆሮ ጠቢ ነው ብዬ ደነገጥሁ። አባቴ ግን ቅንድቡን እንኳ አላነቃነቀም።

«ምን በሬ አለው ብለው። የሰው በሬ ለምኖ ነው የሚያርስ። መሬቱም ጭንጫ ነው።»

«የማን ልጅ ነው?»

አባቴ ስለ ጭቃ ሹሙ የመጣ ጥያቄ መስሎታል።

«እንጃ። መጤ ነው፤ አባቱን የሚያውቅ የለም።»

ሰውየው ብድግ አለ። ከዚያ አመስግኖ፣ እጅ ነስቶ ሄደ። አባቴ ከጀርባው እያየ ፈገግ አለ። «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አለ ስንጥር» አለኝ። «እናትሽ ዘንድ ግን ትንፍሽ እንዳትዪ።» እውነቱን ለመናገር ኮራሁበት።

አጨዳው አለቀ፣ ጥምቀትም አለፈ። እናቴ ለሽማግሌዎቹ የጠመቀችው ጠላ ሆመጠጠ። እህቴ ማንጎራጎሯን ተወች። አባቴ «አላልኋችሁም? የአባይ ማዶ ሰው» ይላል። በመጨረሻ የነፍስ አባታችን መጡ። ለትምህርት ቤት እረፍት መጥቼ ስለነበር እኔም ነበርኩ።

«ጠላት አለባችሁ» አሉ ቄሱ። «እነሱም እንደ ደንቡ ቡሬ ገበያ ሰው ልከው አስጠይቀው ነበር። ከዚሁ ከመንደራችሁ የሄደ አንድ ጤፍ ሻጭ፣ መጤ ነው፣ አባቱ አይታወቅም ብሏቸዋል። ልጁን ለሌላ አጭተውለታል።»

አባቴን አየሁት። ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ፤ ሳይናገር ሲቀር ጠላሁት።

እናቴ ነጠላዋን አደግድጋ ቄሱ ፊት ቆመች። «የልጄን ደጅ የዘጋ፣ ደጁ ይዘጋ። ከወለደው አይደሰት።»

«አሜን» አለች እህቴ እያለቀሰች።

ቄሱ ወደ አባቴ ዞሩ። እርግማን ሲወርድ ዝም ያለ ሰው እንደሚጠረጠር ከአባቴ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

«አሜን» አለ።