ዶሮ ያደረችበት ቤት

ኡሙሀኒ ከጅዳ ስትመለስ ሁለት ሻንጣና አንድ ቂም ይዛ ነው የገባችው። ሻንጣዎቹን በማግስቱ ፈትታ ለዘመድ ለጎረቤት አከፋፈለች። ቂሙን ግን አልፈታችውም፤ እሱን ለአንድ ሰው ብቻ አስባ ነው ያመጣችው። ያቺ ሰው የባሏ እህት ኢቲሳም ናት።

ባሏ ካሊድ ሲሞት ልጃቸው ሀያ ገና የወተት ጥርሷን አልነቀለችም ነበር። ኡሙሀኒ ልጅቷን ለኢቲሳም ትታ ባሕር ተሻገረች። እሷ በአደራ ሰጠች፤ ኢቲሳም ግን እንደ ስጦታ ተቀበለች። ኡሙሀኒ ልጇን ፈልጋ ከጅዳ በደወለች ቁጥር ኢቲሳም «ተኝታለች» ትላታለች። ጧት ተኝታለች፣ ቀትር ላይ ተኝታለች፣ ማታም ተኝታለች። የታመመ ጥጃ እንኳ ያን ያህል አይተኛም! በመጨረሻ አገሯ ስትገባ ቁመቷን ያከለች ልጅ ወጥታ እጇን ሳመቻትና «እንኳን ደህና ገቡ» አለቻት። ገቡ! ለእንግዳ እንደሚባለው። ወዲያው ወደ ኢቲሳም ዞር ብላ «እማ፣ ውሃ ላምጣላቸው?» ስትል የኡሙሀኒ ጆሮ ጭው አለ።

«ትለምድሻለች፣ ሶብር አድርጊ» አሏት ዘመዶቿ። ሶብር አደረገች። ሀያ ግን ቀን ሰላም ብላት ትሄዳለች እንጂ አዳሯን ከኢቲሳም ቤት አልነቅል አለች። ኡሙሀኒ የምትፈልገው ደግሞ ሌላ ምንም አልነበረም፤ ልጇ እሷ ቤት ትደር፣ ኢቲሳም ደግሞ ባዶ መደብ እያየች ትንገብገብ።

የሁለቱ ቤት ከሐይቁ በላይ ባለው ሰፈር በጀርባ ይዋሰናል። በመሀላቸው የቁልቋል አጥር አለ፣ አጥሩ ሥር ደግሞ ዶሮ የምትሾልክበት ቀዳዳ። ኡሙሀኒ ጓሮው ጭር ቢልባት አንዲት ገብስማ ዶሮ ገዛች። ገብስማዋ ጥሬዋን እዚህ ትለቅማለች፣ ማታ እዚሁ ቆጥ ላይ ትሰፍራለች፤ እንቁላል ግን የለም። መካን ናት ብላ ልታሳርዳት ስታስብ አንድ ረፋድ ላይ ከአጥሩ ማዶ ስታሽካካ ሰማቻት። ዶሮ መቼም ምሥጢር አትችልም፤ እንቁላል ከጣለች አገር ካልሰማልኝ ባይ ናት። ኡሙሀኒ በቀዳዳው አጮልቃ ብታይ ኢቲሳም በጭድ ከተነጠፈ ጉድጓድ ትኩሱን እንቁላል ታነሳለች። አንዱን እንቁላል ግን እዚያው ትታዋለች፤ ዶሮ እንቁላል ያየችበትን ቦታ እንደማትለቅ ማን ያጣዋል? አስባበት ነው ማለት ነው። ልጄንም እንዲህ ነው ያስለመደቻት፣ አለች ኡሙሀኒ በሆዷ።

ነገሩ የሰፈሩ ሽማግሌ ሸህ አብዱልመናን ዘንድ ቀረበ። ሸሁ ሳቃቸውን በጺማቸው ደብቀው ሁለቱንም አዳመጡ።

«ዶሮ ቀን የትም ትዞራለች፤ እሷን ማን ይከሳታል?» አሉ። «እንቁላሉ የጣለችበት ቤት ንብረት ነው። ዶሮዋ ደግሞ ያደረችበት ቤት ናት። ከእንግዲህ በዶሮ እንዳትመጡብኝ።»

ሁለቱም ተስማሙ፤ ፋቲሃ ተቀራ። በዚያ ሰፈር ፋቲሃ የተቀራበት ነገር አይነካም። ሲወጡ ኢቲሳም ሻርፗን እያስተካከለች፣ «አይክፋሽ ኡሙሀኒ፤ ዶሮ እንኳ ሰው ያለበትን ቤት ታውቃለች» አለቻት።

ያቺ ቃል እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ቀረች። ማታ ስትሰግድ ዱዓዋ እንኳ አልሰበሰብ አላት፤ ቂም ይዞ ጸሎት የሚሉት ይህን ነው። ይሁንና የሸሁን ፍርድ ደጋግማ ስታኝከው መጣፈጥ ጀመረ። ዶሮ ያደረችበት ቤት ናት። የማንም ዶሮ ትሁን የማን፣ ያደረችበት ቤት ናት!

ከዚያ ወዲያ በርጩማዋን ቀዳዳው አጠገብ አስቀምጣ የኢቲሳምን ዶሮዎች መሰለል ሥራዋ ሆነ። ሰው ሲያይ የሚያየው አውራውን ነው። እሱ ደረቱን ነፍቶ ይንጎራደዳል፣ ትል ባገኘ ቁጥር ሴቶቹን ጠርቶ ደግ ይመስላል፤ ጭልፊት ስታንዣብብ ግን ቀድሞ ቁልቋሉ ሥር የሚወሸቀው እሱ ነው። የቤቱ ገዢ ሌላ ናት። አናቷ ላይ ያለው ኩክኒ ወደ ጎን የወደቀ አንዲት አሮጊት ቀይ ዶሮ። ጥሬ ሲበተን መጀመሪያ የምትነካው እሷ ናት። የቀደመቻትን አናቷን ትወቅራታለች፤ የተወቀረችው ከሷ የምታንሰውን ትወቅራለች፤ እንዲህ እያለ ዱላው ላባዋ በተመለጠ አንዲት ቄብ ላይ ያርፋል። ኡሙሀኒ ይሄን ዓይነት ቤት ታውቀዋለች። ጅዳ ተቀጥራ በሠራችበት ቤትም ባልየው እመቤቲቱን፣ እመቤቲቱ ኡሙሀኒን ነበር የሚወቅሩት።

ዋናውን ነገር ያየችው ግን ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ያን ሰዓት ሁሉም አንገታቸውን አስግገው ይቆማሉ፤ ቀይዋ ቆጥ ላይ ካልወጣች የሚወጣ የለም። ስለዚህ መንጋውን ሁሉ መልከፍ አያስፈልግም፤ ቀይዋን ማስኮብለል ይበቃል። ቀይዋን ከጫጩትነቷ በእጇ ያሳደገቻት ሀያ መሆኗን ኡሙሀኒ ታውቃለች። እያወቀች ገባችበት።

በጧት ወደ ሐይቁ ዳር መውረድ ጀመረች። ሽታው የሚባል ዓሣ አጥማጅ ቆሮሶውን እያረደ ሲያጸዳ የሚጥለውን የዓሣ ሆድ ዕቃ በፌስታል ይዛ ትመለሳለች። ዶሮ ለዓሣ ሆድ ዕቃ ነፍሷን ትሰጣለች። ጠላት ልጅሽን ሰርቆሽ ከሆነ ደግሞ የዓሣ ሽታ ሽቶ ይሆናል። ከአጥሩ ወዲህ አመድና ደቃቅ አፈር ደባልቃ ዶሮዎቹ ተንከባለው የሚታጠቡበት ጉድጓድ አበጀች። የቀድሞውን ቆጥ አፍርሳ ከባሕር ዛፍ ግንድ ከፍ ያለ አዲስ ሠራች፤ አለቃ መቼም ከፍታ ይወዳል። ቀይዋ በመጀመሪያው ቀን በልታ ሄደች። ሰነባብታ መታጠብ ጀመረች። ከዚያ አንድ ማታ ቆጡን አንጋጣ አየችው፣ ወደ ቀዳዳውም ዞራ አየች፣ እንደገና ቆጡን አየችውና ዘላ ወጣች። ሌሎቹ ተከተሏት። አውራው ብቻውን ማዶ ሲጮህ አምሽቶ በማግስቱ አፍሮ መጣ። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት የሚባለው እውነት ነው።

ኢቲሳም መጀመሪያ ልብ አላለችም። ቀን ቀን ዶሮዎቹ ጓሮዋ ይዞራሉ፣ እንቁላልም ይጥሉላታል። መውሊድ ደርሶ እንግዳ ሲጠራ፣ አመሻሽ ላይ ልትይዛቸው ብትሄድ ቆጧ ባዶ ነው። በቀዳዳው ብታይ ሁሉም የኡሙሀኒ ቆጥ ላይ ተደርድረዋል፤ ቀይዋ ከላይ።

በማግስቱ ሸሁ ደጅ ጉድ ተባለ። ኢቲሳም ሀያን አስከትላ፣ ሽታውን ለምስክር ጎትታ መጣች።

«በዓሣ አባብላ ነው የወሰደችብኝ! ሽታው ይናገር!»

«መውሰዱንስ ወስዳለች» አለ ሽታው ራሱን እያከከ፣ «ለዶሮ ትሁን ለድመት ግን አልጠየቅኋትም።»

«እኔ ማንንም አልጎተትኩም» አለች ኡሙሀኒ፤ ንግግሩን ስንት ቀን ስታሰላስለው ነው የከረመችው። «በእግራቸው መጡ፣ አደሩ። ፋቲሃ የተቀራው ምን ተብሎ ነበር? ዶሮ እንኳ ሰው ያለበትን ቤት ታውቃለች።»

ሸሁ ጺማቸውን ያዙ። ፍርዱ የራሳቸው ነው፤ ምን ይበሉ? «ብለናል» አሉ። «ያደሩበት ቤት ናቸው።»

የኡሙሀኒ ልብ ቅቤ ጠጣ። ይህን ቀን ነበር ጅዳ ላይ የሰው ምንጣፍ እየጠረገች የተመኘችው። የኢቲሳም ፊት አመድ መሰለ፤ ኡሙሀኒ ዓይኗን ሳትነቅል እያየች ጠገበች። «ቀይዋ የኔ ናት» የሚል ቀጭን ድምፅ ከኢቲሳም ጀርባ ሲመጣ እንኳ መለስ ብላ አላየችም።

ከዚያ ኢቲሳም ቀስ ብላ ተናገረች።

«ይሁን። ፍርዱን ተቀብያለሁ፤ ያደረችበት ቤት ናት። እንግዲህ ሀያም ያደረችው እኔ ቤት ነው። ጥርሷን ስትነቅልም፣ ኩፍኝ ሲያማትም እኔ ቤት ነው ያደረችው። ከእንግዲህ ልጄን ስጪኝ እንዳትዪኝ። ሸህ፣ ፋቲሃው ለዚህም ይሁንልኝ።»

ሽታው መሬት መሬቱን እያየ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ሲል ለራሱ አጉረመረመ። ኡሙሀኒ አሁን ወደ ሀያ ዞረች። ልጅቷ የኢቲሳምን ቀሚስ ጨምድዳ ይዛ በጥላቻ ታያታለች። እንደ እንግዳም አይደለም አሁን፤ እንደ ሌባ።

«ዶሮዎቹን ትውሰድ» አለች። «ሁሉንም ትውሰድ፣ ገብስማዬንም ትጨምር። ልጄን ግን በዶሮ ሕግ አትፍረዱብኝ።»

«ፋቲሃው ለዶሮ ነው፤ ለሰው አልቀራንም» አሉ ሸሁ። «ልጅቷ ግን እግር አላት። እግሯ ወደመራት ትሂድ፤ ሁለታችሁም እንዳትጎትቷት።»

ማታ ኡሙሀኒ ዶሮዎቹን አንድ በአንድ እያወረደች በቀዳዳው አሳለፈቻቸው። ኢቲሳም ቆልፋባቸው አደረች። መውሊዱ አለፈ፤ አንዳንዶቹ ለእንግዳ ታረዱ፣ ሀያ አልቅሳ ቀይዋን አስተረፈች። ግን ጧት ሲለቀቁ ማታ ወደ ኡሙሀኒ ቆጥ ተመለሱ። ኢቲሳም ቀዳዳውን በድንጋይ ብትደፍነው ቀይዋ አጥሩን ዞራ በበር ገባች። ኢቲሳም የኡሙሀኒን ደጅ ከምትረግጥ ብትሞት ትመርጣለች። ስለዚህ ዶሮዎቹን እንድታመጣ ሀያን ላከቻት።

መጀመሪያ ሀያ ቀይዋን አቅፋ፣ ሌሎቹን አስከትላ፣ አንድ ቃል ሳትናገር ሄደች። በማግስቱም እንዲሁ። ኡሙሀኒም አልጠራቻትም፣ አልተከተለቻትም፤ ቀይዋን ሮጣ አልነበረም ያገኘቻት። ወደ ሐይቁ መውረዷን ግን አልተወችም።

አንድ አመሻሽ ላይ ሀያ መጥታ ቆጡ ሥር ቆመች።

«ዛሬም ዓሣ የምትሰጪያቸው አንቺ ነሽ አይደል?»

«እኔ? ዶሮ መቼም እግሯ ወደመራት ነው» አለች ኡሙሀኒ እጇን ሻርፗ ሥር እየደበቀች። ወላሂ ለማለት ግን አልደፈረችም።

ሀያ ጠጋ ብላ እጇን ከሻርፑ ሥር ጎትታ አወጣችና አሸተተችው። «ዓሣ ዓሣ ትያለሽ!» ብላ በሳቅ ፈረሰች። ከፌስታሉ ትንሽ ቆንጥራ በመዳፏ ለቀይዋ ዘረጋችላት፣ ከዚያ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ጨለም እያለ ነበር፤ መነሣቱን ረሳችው።

ከማዶ የኢቲሳም ድምፅ መጣ። «ሀያ! አንቺ ሀያ! መሸ እኮ!»

ሀያ ቀና ብላ ኡሙሀኒን አየቻት። አልተነሣችም።

ኡሙሀኒ ወደ ቁልቋሉ ዞረች። ጉሮሮዋን ጠረገችና፣ ሰፈሩ ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ፣ «ተኝታለች!» አለች።